ያለ ኢንተርኔት በቅርብ ስልኮች መካከል የሚደረግ የመልእክት ልውውጥ፦ ለአንድሮይድና ለአይፎን በጋራ በሚሠሩ መተግበሪያዎች፣ ከሐዋሳ አንጻር

ሁለት ስልኮች ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ ሲም ካርድም ቢሆን፣ በብሉቱዝ ወይም በዋይፋይ በቀጥታ መነጋገር ይችላሉ። በኢትዮጵያ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሙዚቃ፣ ፊልም፣ መተግበሪያ ሳይቀር ዳታ ሳይቆጥር በዜንደርና በሼርኢት የፋይል ማስተላለፊያ መተግበሪያዎች ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሯል። የመልእክት ልውውጥ ግን ከፋይል መላክ ይለያል። ፋይል የሚላላኩ ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው፣ ስክሪን ከፍተው፣ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፤ መልእክት የሚለዋወጡ ስልኮች ደግሞ ራሳቸው መፈላለግ፣ ማንነት ማረጋገጥና ተቀባዩ ሲርቅ መልእክቱን ማቆየት አለባቸው።

በሐዋሳ ጥቅሙ የሚታይባቸው ሁኔታዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው የፊቼ ጫምባላላ በዓል በጉዱማሌ ሲከበር እጅግ ብዙ ሕዝብ በአንድ ስፍራ ይሰበሰባል፤ እንዲህ ያለ ጥግግት የትኛውንም የሞባይል ኔትወርክ ያጨናንቃል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኢንተርኔት በአገር አቀፍ ደረጃ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የመማሪያ አዳራሽ ውስጥ ያሉ ተማሪዎችም አንድ ማስታወቂያ ለመቀባበል የግድ ሩቅ አገር ያለ ሰርቨር አያስፈልጋቸውም።

ችግሩ የሚጀምረው የመልእክት መተግበሪያው ለአንድሮይድና ለአይፎን በአንድ ኮድ ሲጻፍ ነው። ፍላተርና ሪአክት ኔቲቭ የተባሉት የመተግበሪያ መሥሪያዎች ስክሪኑንና የመተግበሪያውን አሠራር አንድ ጊዜ ጽፎ በሁለቱም ላይ ለማስኬድ ያስችላሉ። ሬዲዮው ላይ ሲደረስ ግን አንድነቱ ያበቃል። የጉግል ኒርባይ ኮኔክሽንስ ብሉቱዝንና ዋይፋይን እያፈራረቀ አንድሮይድን ከአንድሮይድ በደንብ ያገናኛል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2013 ከአይኦኤስ 7 ጋር ያወጣው መልቲፒር ኮኔክቲቪቲ በአንድ ቡድን እስከ ስምንት መሣሪያ ይይዛል፤ የሚያገናኘው ግን የአፕልን ምርቶች ብቻ ነው። ሁለቱ ሥርዓቶች እርስ በርስ አይግባቡም። አንድሮይድ በሚበዛበት ገበያ አይፎንን መተው ያጓጓል፤ ሆኖም ከቡድኑ አንድ ሰው እንኳ የማይደርሰው የቡድን መልእክት ዋጋው ይወርዳል።

ሁለቱም የሚያውቁት የጋራ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2010 ከብሉቱዝ 4.0 ጋር የመጣው አነስተኛ ኃይል የሚጠቀመው ብሉቱዝ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው። ስልኮቹ ከዚያ በላይ ካልተስማሙ በቀር በአንድ ጊዜ፣ ማለትም በአንድ ፓኬት፣ የሚያልፈው መረጃ 20 ባይት ብቻ ነው። እዚህ ላይ የግዕዝ ፊደል የራሱን ጣጣ ያመጣል፤ በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲበቃው እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። «ስብሰባው ወደ ማታ ተዛወረ» የሚለው አጭር መልእክት ከነክፍት ቦታዎቹ 42 ባይት ነው፤ ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው የላቲን ፊደላት በአንድ ፓኬት ሲያልፉ ይህ ሦስት ፓኬት ይፈልጋል። ቁራጩም ፊደል አያከብርም። የመጀመሪያው ፓኬት የሚያበቃው «ደ»ን ከፍሎ ነው፤ ሁለተኛውም «ረ»ን እንዲሁ። ተቀባዩ ስልክ እያንዳንዱን ፓኬት ለብቻው ወደ ጽሑፍ ከለወጠ በሁለቱ ፊደላት ፋንታ ትርጉም የለሽ ምልክት ይወጣል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ የተፈተነ መተግበሪያ ይህን ጉድለት ፈጽሞ አያሳይም። መፍትሔው ለፓኬቶቹ ቁጥር መስጠት፣ ባይቶቹን ሁሉ ሰብስቦ ከጨረሱ በኋላ ብቻ ጽሑፍ ማድረግ፣ ሲቻልም ስልኮቹ በትልቅ ፓኬት እንዲስማሙ መጠየቅ ነው። አንድሮይድ እስከ 517 ባይት ድረስ መደራደር ይችላል።

ፈቃድ ሌላው እንቅፋት ነው። ከአንድሮይድ 12 በፊት በነበሩት ስሪቶች በአካባቢው ያሉ መሣሪያዎችን በብሉቱዝ የሚፈልግ መተግበሪያ የቦታ ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት፤ መልእክት ለመላክ ሲል ያለበትን ቦታ የሚጠየቅ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ስለዚህ ምክንያቱ ከጥያቄው አስቀድሞ በአማርኛና በሲዳምኛ ቢገለጽ ይበጃል። በአይፎን ደግሞ መተግበሪያው ከስክሪን ሲወርድ የሚያሰራጨው የብሉቱዝ ምልክት መልኩ ይለወጣል፤ ያንኑ አገልግሎት ለይቶ የሚፈልግ የአፕል መሣሪያ ካልሆነ በቀር አንድሮይድ በተለመደው ፍለጋ አያገኘውም። ኪስ ውስጥ ያለ አይፎን መልእክት እንደሚያቀባብል ቃል መግባት አይቻልም።

ደኅንነቱ ከሁሉም ይበልጣል፤ መልእክቱ ከስልክ ወደ ስልክ ሲቀባበል በማያውቁት ሰው ስልክ አልፎ ሊደርስ ይችላልና። ብሪጅፋይ የተባለው መተግበሪያ በተቃውሞ ሰልፎች ከታወቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የሎንዶኑ ሮያል ሆሎዌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተጠቃሚዎችን ለክትትል የሚያጋልጡ ከባድ ክፍተቶች እንዳሉበት አሳይተዋል፤ ድርጅቱም በዚያው ዓመት ወደ ሲግናል የምስጠራ ዘዴ ዞሯል። በቅርብ የሚገናኙ ሰዎች ግን አንድ ብልጫ አላቸው፦ ፊት ለፊት ሆነው አንዱ የሌላውን ኪውአር ኮድ በማንሳት የምስጠራ ቁልፍ መለዋወጥ ይችላሉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን መረጃ የሚይዝ አካል የሕግ ኃላፊነትም አለበት።

ስለዚህ ለአጭር ጽሑፍ አነስተኛ ኃይል የሚጠቀመውን ብሉቱዝ፣ ለፎቶና ለድምፅ ደግሞ የየስልኩን የራሱን ሥርዓት መጠቀም ይመረጣል። የሰው አካል የብሉቱዝን ሞገድ ስለሚውጥ ርቀቱ በሕዝብ መካከል ከሜዳ ይልቅ ያጥራል። በመንገዱ ላይ መተግበሪያው የተከፈተባቸው ስልኮች በበቂ ሁኔታ ከሌሉ፣ ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር የተላከ መልእክት በከተማዋ ካለው ታቦር ተራራ ሥር አይደርስም።