ታንኳና ማዕበል፤ የጐንደር ታሪክ ያልቈጠረው የውሃ ጥበብ

ስለ ጐንደር ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት ብዙውን ጊዜ የሚመለከቱት ግንቡንና አድባራቱን ነው። ከከተማይቱ በስተ ደቡብ፣ የደንቢያ ሜዳ ከሚያበቃበት ከጎርጎራ ጀምሮ የተዘረጋው የጣና ውሃ ግን በታሪኩ ውስጥ እንደ ወሰን ብቻ ይታያል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፣ የጐንደር ሥልጣኔ በድንጋይና በኖራ ብቻ የቆመ ሳይሆን በማዕበል ላይ መሄድን በሚያውቁ ሰዎች ጥበብም የተረዳ መሆኑን ነው፤ እንዲሁም ለእነዚህ ሰዎች የተከፈላቸው ዋጋ ከውለታቸው ጋር ያልተመዛዘነ መሆኑን ነው።

በማዕበል ላይ መጋለብ ዛሬ በዓለም የታወቀ ጨዋታ ነው። እ. ኤ. አ. በ1779 የካፒቴን ኩክ ባልደረቦች የሃዋይ ደሴቶች ሰዎች በሳንቃ ላይ ሆነው ከሞገዱ ጋር ወደ ዳር ሲገሠግሡ አይተው በመደነቅ ጽፈዋል። በዚያ አገር ይህ ጥበብ መሳፍንቱም ሕዝቡም የሚኰሩበት ነበር፤ እ. ኤ. አ. በ2021 በቶኪዮ በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድርም ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቷል። በፔሩ ጠረፍ፣ ዋንቻኮ በሚባለው ስፍራ ደግሞ ዓሣ አጥማጆች ቶቶራ ከሚባል ቄጤማ ታስሮ በተሠራ ትንሽ ታንኳ ላይ ተንበርክከው ሞገዱን እየጋለቡ ወደ የብስ ይመለሳሉ። የዚህ ታንኳ መልክ በጥንቱ የሞቼ ሕዝብ የሸክላ ሥራ ላይ ይታያል። ይህንን የፔሩ ታንኳ ያየ ኢትዮጵያዊ የጣናውን ዘመድ ያገኘ ይመስለዋል።

ሆኖም የጣና ባለታንኳ ማዕበልን የሚገጥመው ለጨዋታ ሳይሆን ለዕለት እንጀራው ነው። ታንኳው የሚሠራው ከደንገል ነው። የደንገል አገዳ ውስጡ አየር ያዘለና ቀላል ስለሆነ፣ ታጭዶ ከደረቀ በኋላ በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ አፍንጫውም ማዕበሉን እንዲወጣ ወደ ላይ ይቈለመማል። እንደ እንጨት ጀልባ ጐድጓዳ ስላይደለ፣ ማዕበል ቢያለብሰው ውሃው በእስሩ መካከል ሾልኮ ይወርዳል እንጂ ሞልቶ አያሰጥመውም። ጉድለቱ ውሃ እየጠጣ መክበዱ ነው፤ ስለዚህ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ተስቦ ፀሐይ ካልመታው ፈጥኖ ይበሰብሳል።

ሐይቁም ቢሆን ለማንም ቀዛፊ የሚገራ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የማያንስ ሲሆን፣ ጥልቀቱ ግን እጅግ በጠለቀበት ስፍራ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲመታው ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል። ጧት ጸጥ ያለው ውሃ ከቀትር በኋላ ይናወጣል። በደቡብ ጫፍ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ደግሞ ውሃው በዐለት ደፍ ላይ ተሻግሮ ይወርድ ነበር፤ ድንጋዩ የተሸሸገበትና የወንዙ ስበት የሚበረታበት ስለሆነ ልምድ ለሌለው ሰው የሚደፈር አልነበረም። እንግዲህ ታንኳ መቅዘፍ የክንድ ጉልበት ብቻ ሳይሆን፣ ነፋስንና ሰዓትን የማወቅ ትምህርት መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

የዚህ ትምህርት ዕድሜ ከጐንደር ይቀድማል። ዐፄ ሱስንዮስ በጎርጎራ በተቀመጡበት ዘመን በአገራችን የነበረው ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜይዳ፣ የሐይቁ ጀልባዎች ከእንጨት ሳይሆን ከደረቀ ቄጤማ እንደሚሠሩና ታንኳ እንደሚባሉ ጽፏል። ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ እ. ኤ. አ. በ1636 ጐንደርን ቈርቍረው በ1667 ሲያርፉ፣ አጽማቸው ያረፈው በጣና መካከል በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። የዘመኑ የሐይቅ መሻገሪያ ታንኳ ስለነበረ፣ የግንቡ ባለቤት የመጨረሻ ጉዟቸውን በደንገል እስር ላይ አደረጉ ብንል ከእውነት የምንርቅ አይመስለንም።

በዚህ ሙያ ከሁሉ ይልቅ የታወቁት ወይጦዎች ናቸው። ጉማሬ አዳኞች በመሆናቸውና ሥጋውንም በመብላታቸው ጐረቤቶቻቸው ሲጸየፏቸው ኖረዋል። እ. ኤ. አ. በ1770 ገደማ ጐንደር የደረሰው ጄምስ ብሩስ፣ ወይጦዎች ከሌሎቹ የአገሪቱ ቋንቋዎች ፈጽሞ የተለየ ቋንቋ እንደሚናገሩ ጽፏል። ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮኽ በ1907 ስለ እነርሱ ሲጽፍ ግን የሚናገሩት አማርኛ ብቻ ነበር። በ137 ዓመት ውስጥ አንድ ቋንቋ ሰዋስው ሳይጻፍለት ጠፋ ማለት ነው።

በኋላ ዘመንም የሆነው ከዚህ አልራቀም። ኖርዌያዊው ቶር ሃየርዳል እ. ኤ. አ. በ1969 እና በ1970 ራ የተባሉትን ሁለት የደንገል መርከቦች ሲያሠራ፣ ደንገሉ የተጫነው ከጣና ነበር። የመጀመሪያዪቱን የሠሩት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ሲሆኑ፣ መንገዷን ሳትፈጽም ተተወች፤ ሁለተኛዪቱን የሠሩት ከቦሊቪያ የመጡ የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች ሲሆኑ፣ ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች። አትላንቲክን የተሻገረው ደንገል የእኛ ነበር፤ ያሰሩት እጆች ግን የሌላ ነበሩ።

ዛሬ ደንገሉም ራሱ አደጋ ላይ ነው። እ. ኤ. አ. በ1996 በጨረጨራ የተሠራው ግድብ የሐይቁን መውጫ በሰው እጅ አስገብቶታል፤ ዳርቻው ለእርሻ እየተመነጠረ ነው፤ ከ2011 ጀምሮም በሰሜን ምሥራቅ፣ በጐንደር በኩል ባለው ዳርቻ፣ እምቦጭ ተስፋፍቷል። ደንገል ሲያልቅ ታንኳ ያልቃል፤ ታንኳ ሲያልቅ ማዕበሉን የሚያውቀው ሰው ዕውቀቱን የሚያስተምርበት ያጣል።

ስለዚህ የታሪክና የባህል ተማሪዎች ወደ ግንቡ የሚወጡትን ያህል ወደ ጎርጎራ ዳርቻም ቢወርዱ መልካም ነው። የእስሩን ዐይነት፣ የነፋሱን ስም፣ የመነሻውን ሰዓት ከሽማግሌዎቹ አፍ ጠይቆ መጻፍ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። የወይጦን ቋንቋ ማንም ሳይመዘግበው አልፏል፤ በማዕበል ላይ የሚናገሩት ሁለተኛው ቋንቋቸው ግን ገና አልጠፋምና ልናደምጠው ይገባል።