አዲሱ ወይስ የጸናው? የሊኑክስ እትሞች አጭር ታሪክ

ሰው ሁሉ አዲስ ነገር ይወዳል። ስለዚህ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ማለት የኮምፒውተሩን ሥራ ሁሉ የሚያስተዳድረውን ዋና ፕሮግራም፣ ሊጭን የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «የመጨረሻው እትም የትኛው ነው?» ብሎ ነው። እኛ ግን ታሪኩን ስንመረምር ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ እንዳለ ተረድተናል። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የሊኑክስን እምብርት ጽፎ፣ ማንም አይቶ እንዲያርመው ክፍት አደረገው። ነገር ግን እምብርት ብቻውን ሥራ አይሠራም። በ1993 ኢያን መርዶክ ሊኑክስን ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር አሰናድቶ የሚያቀርበውን የዴቢያንን ማኅበር መሠረተ።

ዴቢያን ዛሬ በሦስት ደረጃ ይገኛል፤ ያልጸናው፣ በፈተና ላይ ያለውና ጽኑው። አዲስ ፕሮግራም በመጀመሪያ ወደ ያልጸናው ይገባል። ከባድ ስሕተት ካልተገኘበት ወደ ፈተናው ያልፋል፤ በመጨረሻም ተጣርቶ ጽኑ ይባላል። የእትሞቹ ስም የተወሰደው «ቶይ ስቶሪ» ከተባለው ፊልም ሲሆን፣ ያልጸናው ዘወትር ሲድ ይባላል። ሲድ በፊልሙ ውስጥ መጫወቻዎችን የሚሰባብር ልጅ ነውና ስሙ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው።

ጽናት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የዴቢያን 3.0 እትም በሐምሌ 2002 ከወጣ በኋላ ተከታዩ 3.1 የወጣው በሰኔ 2005 ነበር። በዚህ መካከል፣ በጥቅምት 2004፣ የደቡብ አፍሪካው ተወላጅ ማርክ ሻትልወርዝ ከዴቢያን የተገኘውን ኡቡንቱን አወጣ። እትሙ በየስድስት ወሩ ይታደስ ጀመር፤ ቁጥሩም 4.10 ተብሎ ዓመቱንና ወሩን ያመለክታል። ሆኖም በየጊዜው መለወጥ ሁሉን አላስደሰተም። ስለዚህ በሰኔ 2006 ለረጅም ጊዜ የሚጠበቅ 6.06 የተባለ እትም ወጣ። ዛሬ እንዲህ ያለው እትም በየሁለት ዓመቱ ይወጣል፤ የአምስት ዓመት እርማትም ይደረግለታል። ሌላው የሚታረመው ለዘጠኝ ወር ብቻ ነው።

ተስፋም ቢሆን ሰጪው ይመረመራል። በ2019 የወጣው ሴንትኦኤስ 8 እስከ 2029 ይቆያል ሲባል፣ በታኅሣሥ 2020 ባለቤቱ ሬድ ሃት በ2021 መጨረሻ እንደሚያበቃ አስታወቀ። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ተቸገሩ። ምንጩ ክፍት ስለ ነበረ ግን ሌሎች ተነሥተው አልማሊኑክስንና ሮኪ ሊኑክስን በዚያው በ2021 አወጡ።

እንግዲህ መጠየቅ ያለብን «የቱ አዲስ ነው?» ሳይሆን «እስከ መቼ ይታረማል? አራሚውስ ማን ነው?» እያልን ነው። ብዙ ኮምፒውተር ላለው ትምህርት ቤት የሚሻለው ለረጅም ጊዜ የሚጠበቀው ነው፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላልና። ሰነዱን በሌላ ቦታ ገልብጦ ያስቀመጠ ወጣት ግን ያልጸናውን ቢሞክር አይነቀፍም። ያገኘውን ስሕተት ከገለጸ ለሁሉ ይጠቅማል፤ ጽኑው እትም የጸናው ሌሎች አስቀድመው ስለ ፈተኑት ነውና።