ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን፦ ርቀቱና የበረራ ሰዓቱ

እናት ወይም አባት ለጥየቃ ልናስመጣ ትኬት ስንቆርጥ አንድ ነገር ግር ይለናል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲመጡ፣ በመሐል ያለው ማረፊያ ተጨምሮ፣ ጉዞው ከ16 እስከ 17 ሰዓት ይፈጃል፤ ሲመለሱ ግን በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይደርሳሉ። ልዩነቱ ከየት መጣ?

ከቦሌ እስከ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው አጭሩ ርቀት 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው (7,180 ማይል)። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ ካሰመርን መንገዱ በቻድ፣ በኒጀርና በሞሪታኒያ የሚያልፍ ይመስላል። ሉል ላይ ክር ወጥረን ብናይ ግን በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በአልጄሪያና በስፔን አድርጎ አትላንቲክ ይገባል።

አንዱ ምክንያት ነፋስ ነው። በዚያ ከፍታ ኃይለኛው ነፋስ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን መንገዱን ሁሉ የ60 ኪሎ ሜትር ነፋስ ቢገጥመው ወይም ቢገፋው፣ በሁለቱ መካከል 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ልዩነት ይፈጠራል።

ዋናው ምክንያት ግን ራሱ ቦሌ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ስለሚገኝ አየሩ ወደ 20 በመቶ ሳሳ ይላል። በሳሳ አየር ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ማኮብኮቢያው ደግሞ አይለጠጥም፤ ጎማውም የፍጥነት ልክ አለው። ስለዚህ መንገደኛ፣ ጭነትና ለመላው መንገድ የሚበቃ ነዳጅ አንድ ላይ ይዞ መነሳት አይቻልም። ዳለስ ግን ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ከዚያ ሞልቶ ይነሳል።

በዚህ የተነሳ ሮም፣ ደብሊን ወይም ሎሜ ላይ እያረፉ ነዳጅ መቅዳት በየዘመኑ የተለመደ ነው። በሮም መዞር የሚጨምረው 150 ኪሎ ሜትር፣ በደብሊን 270 ያህል ብቻ ነው። በሎሜ ግን ወደ 1,200 ይደርሳል። በሮምና በደብሊን ሰዓቱን የሚበላው መውረዱ፣ መቅዳቱና እንደገና መነሳቱ ነው እንጂ መዞሩ አይደለም።

ለነዳጅ ብቻ ሲታረፍ ዋሽንግተን የሚሄድ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ ከመቀመጫው አይነሳም። ቋንቋ የማያውቁ እናት ግን አውሮፕላኑ ሲያርፍ «ደረስን» ብለው ሻንጣቸውን ሊያወርዱ ይችላሉ። «ልጆቼ ያሉት ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ነው» የሚለውን ከመነሳታቸው በፊት ደጋግሞ መንገር፣ በእንግሊዝኛም ጽፎ ማስያዝ ያስፈልጋል። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ በምን ያህል ሰዓት ልዩነት እንደሚወስዱ ሐኪማቸውን ይጠይቁላቸው፤ የዋሽንግተን ሰዓት በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደኋላ ነውና የእጅ ሰዓት ያሳስታል።

ትኬቱ ላይ ያለውን ሰዓትም ተርጉመው ይንገሯቸው። 22:30 የእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። የባሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው፦ ትኬቱ «ማክሰኞ 00:30» ካለ፣ ቦሌ መገኘት ያለባቸው ሰኞ ማታ ነው።