«ዳነ» ማለት «መድኃኒቱ አዳነው» ማለት ነውን?



እንደ ጎብዬ ባለ ቆላ፣ አቧራ፣ ዝንብና የውኃ እጥረት ሲገናኙ ቀድሞ የሚጎዳው የልጅ ዓይን ነው። ዓይኑ ቀልቶ ሲያዝ ቅጠል ተጨምቆ ይንጠበጠብለታል። በሳምንቱ ቅላቱ ሲጠፋ «ፍቱን መድኃኒት ነው!» ይባላል። ግን በምን ታወቀ?

ይህን ጥያቄ ከሺህ ዓመት በፊት በቁም ነገር የያዘ ሙስሊም ሐኪም ነበር። አቡበክር አር-ራዚ (በ925 እ.ኤ.አ. አካባቢ ያረፈ) የአንጎል ሽፋን ብግነት ምልክት ከታየባቸው ሕሙማን ከፊሉን ደም በማፍሰስ አከመ፤ ከፊሉን ሆን ብሎ ሳያፈስ ተወና ሁለቱን አነጻጸረ። ስለ ደም ማፍሰስ የደረሰበት መደምደሚያ ዛሬ አይጸናም። መንገዱ ግን ጸንቷል፦ ያልታከመውን ሳታይ በታከመው ብቻ አትፍረድ።

ወደ ዓይን እንምጣ። ሆሚዮፓቲ የሚባለውን ሕክምና በ1796 እ.ኤ.አ. የጀመረው ጀርመናዊው ሐኪም ሳሙኤል ሃነማን ነው። መድኃኒቱ እጅግ እየቀጠነ ይሰጣል። በዚህ ሕክምና ለዓይን ብግነት ከሚታዘዙት አንዱ ዩፍራዥያ የተባለ የአውሮፓ ተክል ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የተክሉን ጠብታ ከተጠቀሙ 65 ሕሙማን 53ቱ ሙሉ በሙሉ ዳኑ። ቁጥሩ ያማልላል። ነገር ግን ጠብታውን ያልወሰደ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም። በቫይረስ የሚመጣ የዓይን ብግነት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአንድና በሁለት ሳምንት በራሱ ይለቃል። ታዲያ ያዳናቸው ጠብታው ነው ወይስ ጊዜው? የአር-ራዚ ጥያቄ መልስ አላገኘም።

ለእኛ ጉዳዩ የክርክር ብቻ አይደለም። የጥንት ዐረብ ሐኪሞች «ጀረብ» ያሉት፣ እኛ ትራኮማ የምንለው በሽታ በጊዜ አይለቅም። ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብን ያጠባስሳል፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኑን ይፍቃል፤ መጨረሻው ዕውርነት ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. አካባቢ በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ልጆች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። በንጽጽር ተፈትኖ የተረጋገጠው መድኃኒት በዘመቻ የሚታደለው አዚትሮማይሲን ነው። ከእሱ ጋር ፊት መታጠብ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ሽፋሽፍቱ ለተቀለበሰበት ደግሞ ቀዶ ሕክምና ይታዘዛል።

ወጣቶች ሆይ! እናቶቻችን ቅጠል የሚጨምቁት ከርኅራኄ ነው፤ አትሳለቁባቸው። በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ፊታችንን የምናጥብ ሕዝብ ነን፤ የታናናሾቻችንንም ፊት አብረን እንጠብ። ዓይኑ ያመመውን፣ ብርሃን የከበደውን ወይም እይታው የደበዘዘበትን ልጅ ግን ሳምንት ሳትጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።