ከወፍጮ እስከ ፖርሽ፦ የሞተር ዙር ገደብ ታሪክ

ከቀድሞ ተማሪዎቼ ጋራዥ የገባችሁ ብዙ ናችሁ፤ ይቺ ለእናንተ ናት።

ድሮ አውሮፓ ውስጥ በነፋስ ወፍጮዎች ላይ የሚሽከረከሩ ክብደቶች የወፍጮውን ድንጋይ ይቆጣጠሩ ነበር። ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1788 ይህንኑ ዘዴ ወስዶ የእንፋሎት ሞተርን ፍጥነት ገራበት። በ1960ዎቹ ደግሞ ያው ሐሳብ ፖርሽ 911 ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ገባ። ሮተሩ ላይ ትንሽ ክብደትና ሞላ አለ። ዙሩ ከልክ ሲያልፍ ክብደቱ ሞላውን አሸንፎ ወደ ውጭ ይወጣል፤ እሳቱም ካንዴላው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ዙሩ ሲወርድ ሞላው ክብደቱን ይመልሰዋል።

ፍጥነት የፈለገ ሰውስ ምን አደረገ? ክብደቱን በማጣበቂያ አጣበቀው፣ ወይም ገደብ የሌለው ሮተር ገጠመ። ቀላልና ርካሽ ነው። ግን እስቲ ሂሳቡን እንሥራው፦ ከ6000 ወደ 7000 ዙር ስንወጣ ፍጥነቱ 17 በመቶ ገደማ ነው የጨመረው። ፒስተኑ ሲመላለስ ቢየላውን የሚስበው ኃይል ግን 36 በመቶ ይጨምራል፤ ኃይሉ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነዋ! የቫልቭ ሞላው ካልቻለ ደግሞ ቫልቩ በጊዜ አይዘጋም፤ ፒስተኑ ሊመታው ይችላል።

ሌላም አለ። ገደቡ የሚቆርጠው እሳት ብቻ ነው። በፍጥነት እየሄዳችሁ በስህተት ሁለተኛ ማርሽ ካስገባችሁ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው፤ ያኔ ሮተሩም አያድናችሁም።

ስለዚህ መጀመሪያ የቫልቭ ሞላውና ቢየላው ይጠንክር፣ ገደቡ መጨረሻ ይነካ። ገደብ ማንሳት ብቻውን ሞተር አያጠነክርም።

ጋራዥ ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ ሮተር ገጥሟችሁ ያውቃል? እስቲ ጻፉልኝ።