የሻላ ደሴት ፔሊካኖችና የአቢጃታ ዓሣ

ሻላ በስምጥ ሸለቆው ካሉት የኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ጥልቁ ነው፤ ጥልቀቱ እስከ 266 ሜትር ይደርሳል። ውሃው ሶዳ የበዛበት በመሆኑ ለፔሊካን የሚበቃ ዓሣ አይገኝበትም። ሆኖም ነጩ ፔሊካን እንቁላሉን የሚጥለው፣ ጫጩቱንም የሚያሳድገው በዚሁ ሐይቅ ደሴት ላይ ነበር። ምግብ በሌለበት ጎጆ መቀለስ ምን ይጠቅማል?

ይህን ጉዳይ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቅርብ የተከታተሉት ሌስሊ ብራውንና ኤሚል ኧርባን ናቸው። ስለ ወፉ አረባብ የጻፉት ጥናት በ1969 አይቢስ በተባለው የእንግሊዝ የአዕዋፍ መጽሔት ወጣ። ደሴቱን ውሃ ስለከበበው ጅብም ቀበሮም አይደርስበትም። ምግቡ ያለው ግን በሰሜን፣ ከጠባብ የመሬት ግንብ ማዶ በተንጣለለው በአቢጃታ ነበር። ፔሊካን ከባድ ወፍ ስለሆነ ማልዶ አይነሣም፤ ፀሐይ ምድሩን አሙቃ አየሩ ወደ ላይ መውጣት እስኪጀምር ይጠብቃል። ከዚያም ክንፉን ዘርግቶ እየዞረ ከፍ ይላል፤ ለመንገዱ የሚያስፈልገውን ጉልበት ከፀሐይ ተበደረ ቢባል ያስኬዳል። አቢጃታ ሲደርስ ከጓደኞቹ ጋር በግማሽ ክብ ተሰልፎ ዓሣውን ወደ ጥልቀት የለሹ ውሃ ይነዳል፤ ሁሉም ምንቃራቸውን በአንድነት ይነክራሉ። ማታ በጉሮሮው ይዞ የተመለሰውን ጫጩቱ ራሱን እስከ አንገቱ አስገብቶ ይመገባል።

አቢጃታ መውጫ የሌለው፣ ጥልቀቱም አነስተኛ የሆነ ሐይቅ ነው። የሚኖረው ከዝዋይ በሚመጣው በቡልቡላና ከላንጋኖ በሚመጣው በሆራ ከሎ ነው። የመስኖ እርሻ የቡልቡላን ውሃ ሲሻማ፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተተከለው የሶዳ አሽ ፋብሪካም ከሐይቁ ሲቀዳ፣ ውሃው ሸሸ፣ ጨውነቱ በረታ፣ ቆሮሶውም ተመናመነ። የደሴቱም መንጋ ሳሳ። ደሴቱ ራሱ በብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ነበር፤ አልተነካም።

በከሚሴ አጠገብ ያለውን የጨፋን ረግረግ ለሚያውቅ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። አፋሩ በበጋ ከብቱን ነድቶ ወደ ቦርከና ዳር የሚወጣው ቤቱ ሌላ፣ የበጋ ሣሩ ሌላ ስለሆነ ነው፤ ረግረጉ ለእርሻ በተቆረሰ ቁጥር ጉዳቱ በሩቁ መንደር ይሰማል።

ፔሊካኖች ዛሬም በዝዋይ ዳርቻ የዓሣ አጥማጆችን ትራፊ ሲጠባበቁ ይታያሉ። ከዚያ እስከ ሻላ ደሴት ያለው ርቀት ግን ከአቢጃታው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።