ጨጨላ፦ በማዕረግ የተመተረ ሰፈር

ጎንደር የመጣ እንግዳ ዓይኑ ፋሲል ግቢ ላይ ይቀራል፤ ጨጨላን ዞሮ የሚያይ ጥቂት ነው። ጨጨላ ጣሊያን ለሹማምንቱና ለመኮንኖቹ መኖሪያ በፕላን ያሠራው ሰፈር ነው።

የጣሊያን ጦር በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ፣ ከተማዋ በ1880 ድርቡሽ ካደረሰባት ቃጠሎ ገና አላገገመችም ነበር። ወራሪው የ«አማራ ግዛት» ዋና ከተማ አደረጋት፤ ፕላኗን የነደፈውም የፍሎረንሱ አርክቴክት ጌራርዶ ቦዚዮ ነው፤ ይኸው ሰው በኋላ በአልባኒያ ዋና ከተማ በቲራና ፕላን ላይ ሠርቷል። በሊማሊሞ በኩል ከአስመራ የሚመጣው መንገድም የዚያው ዘመን ሥራ ነው።

ፒያሳ ለመንግሥት ሥራ፣ ለንግድ፣ ለፖስታ ቤትና ለሲኒማ ሲሆን ጨጨላ ለመኖሪያ ተለየ። ግንባታው ኢንቺስ የተባለው፣ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣሊያን ድርጅት አሠራር የተከተለ ነበር፤ የአዲስ አበባው ካዛንቺስም በስሙ የሚጠራ ነው። ቤቱ የሚሰፋውም የሚጠበውም በነዋሪው ማዕረግ ነው፤ ለትልቁ ሹም ከነአትክልቱ ለብቻው የቆመ ቪላ፣ ዝቅ ላለው ግድግዳ የሚጋራ መንታ ቤት። ከታች ድንጋይ፣ ከላይ ልስን፣ ፊት ለፊት በረንዳ። ሲያዩት ያምራል። ውበቱ ግን የአገሬውን ሰው ከነጩ ለይቶ ለማስፈር በወጣ ፕላን ላይ የቆመ መሆኑ መነገር አለበት። ጎንደር በነገሥታቱ ዘመንም ሰፈር በሃይማኖት ተለይቶባት ያውቃል፤ በቆዳ ቀለም መለየትን ያመጣው ግን ፋሺስት ነው።

ያም አልዘለቀም። የጎንደሩ የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ናሲ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ጣሊያን በጎንደር የቆየው ስድስት ዓመት እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ከ80 ዓመት በላይ ዘመን የኛ ነው። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ የከተማ ቤቶችን ወደ መንግሥት ሲያዛውር፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነው በቀበሌ እጅ ገባ። በጎንደርም እንደ ሌላው ከተማ ቤተሰብ ጨመረ፣ ክፍል ተከፈለ፣ ጓሮው ላይ ማድ ቤት ተቀጠለ። እነዚህን ቅጥያዎች እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ አልስማማም። በማዕረግ የተመተረውን ቤት የሰው መኖሪያ ያደረጉት እነሱ ናቸው።

ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኗል። ጨጨላም ይታደስ ወይም ይፍረስ ከመባሉ በፊት እያንዳንዱ ቤት ይለካ፣ ፎቶ ይነሣ፤ ማን ከማን ቀጥሎ እንደኖረበትም አረጋውያኑ በሕይወት ሳሉ ተጠይቀው ይጻፍ።